ተረከዝን የሚይዝ ጫማ

እግርን የሚያሳምም ጫማ ብዙ ጊዜ ጠባብ ጫማ ይመስላል። ስለዚህ እግሩን የታመመ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ጫማ መግዛትን ነው። ይህ መፍትሔ ከሚያሽለው የሚያባብሰው ይበዛል። ከልክ በላይ ረጅም በሆነ ጫማ ውስጥ እግር በእያንዳንዱ እርምጃ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ተረከዝ ይነሣል፤ ጣቶች ከጫማው አፍንጫ ጋር ይጋጫሉ፤ ባለቤቱም ጫማው እንዳይወልቅበት ሳያውቀው ጣቶቹን አጥፎ ይረግጣል። ከዚያ የሚከተለው የተረከዝ መላጥ፣ የጥፍር መጥቆርና የባት መዛል ሁሉ «ጠበበኝ» በሚል አንድ ቃል ይጠቃለላል። የበረዶ መንሸራተቻ (የስኪ) ጫማ የሚያስተካክሉ ባለሙያዎች ግን ሥራቸውን የሚጀምሩት ከተረከዝ ነው። ተረከዝ ቦታውን ይዞ ከተቀመጠ፣ የቀረው እግር በእርግጥ የት ላይ እንደተጨነቀ ለማየት አያስቸግርም።

በእብናትና በደብረ ታቦር አካባቢ ይህ ነገር ከሁሉ በላይ የቁልቁለት ጉዳይ ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የጉና ተራራ ጫፍ ደግሞ ከ4,100 ሜትር ያልፋል። ከፋርጣ በስተሰሜን ያለው የእብናት ወረዳ ከደጋው ተነሥቶ ወደ በለሳ እያዘቀዘቀ ይሄዳል። በዚህ አገር ገበያ የሚወጣ፣ ለቅሶ የሚደርስ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚስም ወይም ትምህርት ቤት የሚውል ሰው ሜዳ ላይ የሚራመደው ጥቂቱን ነው፤ የቀረው መውጣትና መውረድ ነው። አቀበት ሳንባንና ጭንን ይፈትናል፤ ቁልቁለት ግን የሚፈትነው ጉልበትንና ጫማን ነው። የሰውነት ክብደት እግርን ወደ ጫማው አፍንጫ ስለሚገፋው፣ ሜዳ ላይ ተስማምቶ የታየው ጫማ ገደሉ ላይ ጠላት ይሆናል። በአልፕስ ተራሮች ላይ በበረዶ የሚንሸራተት ሰው የሚጫማው ጫማ ከዚህ አገር ጫማ ጋር በመልክ ፈጽሞ አይገናኝም። የሚያሳምምበት ምክንያት ግን አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው፤ የሚስተካከልበት ቅደም ተከተልም እንዲሁ።

የእግር ልክ

ከቁርጭምጭሚት በታች ያለው የሰው እግር 26 አጥንቶችና 33 መገጣጠሚያዎች አሉት። ሁለቱ እግሮች አንድ ላይ ከሰውነት 206 አጥንቶች ሩቡን ያህል ይይዛሉ ማለት ነው። ይህን ያህል አጥንት በአንዲት ትንሽ ቦታ የተሰካካው እግር እንደ ረገጠው መሬት ቅርጹን መለወጥ ስላለበት ነው። ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት ሥር የተዘረጋው የውስጥ እግር ቅስት ክብደት ሲያርፍበት ዝቅ ይላል፤ ክብደቱ ሲነሣለት ተመልሶ ይወጣል። ቅስቱ ዝቅ ባለ ቁጥር እግሩ ይረዝማል፤ ይሰፋልም። ተቀምጦ የተለካ እግርና ቆሞ የተለካ እግር አንድ ልክ የማይሰጡት በዚህ ምክንያት ነው። ሲመሽም እንዲሁ ልዩነት አለ፤ ቀኑን ሲራመድ የዋለ እግር ከጠዋቱ ያበጠ ነው። ጠዋት ተለክቶ የተገዛ ጫማ ከሰዓት በኋላ የሚጨንቀው ስለዚህ ነው።

ለመለካት የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እርሳስና ግድግዳ ብቻ ነው። ወረቀቱ ከግድግዳው ሥር ይነጠፋል። ሰውየው ከጫማው ጋር የሚያደርገውን ካልሲ አድርጎ፣ ተረከዙን ከግድግዳው አስጠግቶ፣ ክብደቱን በሁለቱም እግሮቹ ላይ እኩል አሳርፎ ይቆማል። እርሳሱ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ ተይዞ የረጅሙ ጣት ጫፍ ምልክት ይደረግበታል። ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ አውራ ጣት አይደለም፤ ሁለተኛው ጣት የሚቀድምባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ከዚያ ሰፊው የእግር ክፍል፣ ማለትም ከአውራ ጣት ሥር እስከ ትንሿ ጣት ሥር ያለው፣ በሁለቱም ወገን ይሰመራል። ሁለቱም እግሮች መለካት አለባቸው፤ ልካቸው ፍጹም እኩል የሆነ ሰው ጥቂት ነውና። ጫማ የሚገዛው ለትልቁ እግር ነው፤ ትንሹ በውስጥ ሶል ወይም በወፈረ ካልሲ ይሞላል።

ገበያ ላይ የሚታየው የጫማ ቁጥር የሚቆጥረው የሴንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛን ነው። 42 ቁጥር ማለት 42 ጊዜ ሁለት ሦስተኛ ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 28 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ ግን ጫማው የተሠራበት ቅርጽ ርዝመት እንጂ የእግር ርዝመት አይደለም። 26.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ እግር ከፊቱ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ስለሚፈልግ 42 ይበቃዋል። የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ አቆጣጠር ከዚህ ይለያል፤ ቁጥሩ በቀጥታ የእግሩ ርዝመት ነው። 26.5 ሴንቲ ሜትር እግር ያለው ሰው 26.5 የተጻፈበትን ይወስዳል። በየትኛውም መንገድ ቢቆጠር ግን ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ርዝመት ብቻ ነው። ስለ ስፋት፣ ስለ እግር ጀርባ ከፍታ፣ ስለ ተረከዝ ቅጥነት አንዳች አይናገርም።

በገጠር ያደገን ሰው እግር የሚበድለውም ይኸው ነው። ዕድሜውን በባዶ እግሩ ወይም በክፍት ጫማ የሄደ ሰው የእግሩ ፊት ሰፊ፣ ጣቶቹም የተበተኑ ናቸው። ጤነኛ እግር እንዲህ ነው። ገበያ የሚመጣው ጫማ ግን በአብዛኛው ፊቱ ጠበብ ባለ ቅርጽ የተሠራ ነው። ገዢው ለጣቶቹ ስፋት ሲፈልግ ያለው ምርጫ ቁጥር መጨመር ብቻ ይሆንበታል፤ 41 የሚበቃው እግር 43 ይጫማል። ስፋቱን ያገኛል፤ ከስፋቱ ጋር ግን ያልፈለገውን ርዝመትና ያልፈለገውን የተረከዝ ስፋት አብሮ ይገዛል። ከዚያ በኋላ ወደ በለሳ በሚወርደው መንገድ ላይ ጥፍሩ ቢጠቁር አይደንቅም። ልኩን አውቆ የሚሠራ ጫማ ሰፊ ይህን ችግር በሌላ መንገድ ይፈታዋል። በርዝመት ልክ የሆነውን የቆዳ ጫማ ይወስድና የሚጨንቀውን ቦታ ብቻ እርጥብ አድርጎ፣ በእንጨት ቅርጽ ወጥሮ ያሳድረዋል። ቆዳ በእርጥበት ይለጠጣል፣ በደረቀም ጊዜ የተለጠጠበትን ይዞ ይቀራል። ርዝመት ሳይጨመር ስፋት ተገኘ ማለት ነው።

ቁልቁለትና ማሰሪያ

ተረከዝን የሚይዙት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ከኋላ ያለው የጫማው ጠንካራ ግድግዳ ነው። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያስተውለው፣ በእግር ጀርባ ላይ የሚያርፈው ማሰሪያ ነው። ማሰሪያው እግርን ወደ ታች ብቻ አይጫንም፤ ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ባለው እጥፋት ላይ በደንብ ከጠበቀ ተረከዝን ወደ ኋላ ገፍቶ ጥጉ ላይ ያስቀምጠዋል። ከጣቶቹ በላይ ያለው የፊተኛው ክር ደግሞ ላላ ማለት አለበት፤ እዚያ ሲጠብቅ የሚጨነቁት ጣቶች ናቸው፣ ተረከዙ ግን እንደ ልቡ ነው። አብዛኛው ሰው የሚያስረው በተቃራኒው ነው፤ ከፊት አጥብቆ ሲመጣ ላይኛው ጋ ሲደርስ ክሩ ያልቅበትና እንደ ነገሩ ይቋጥረዋል።

ትክክለኛው አስተሳሰር ጫማውን አጥልቆ፣ አፍንጫውን ወደ ላይ አንሥቶ፣ ተረከዝን ሁለት ሦስት ጊዜ መሬት ላይ በመምታት ይጀምራል፤ እግር ወደ ኋላ ሄዶ ጥጉን የሚይዘው እንዲህ ሲደረግ ነው። ከዚያ ክሩ ከታች ላላ ብሎ፣ ወደ እግር ጀርባ እየተቃረበ ሲሄድ እየጠበቀ ይመጣል። ብዙ የስፖርትና የተራራ ጫማዎች ላይኛው ጫፍ ላይ ከሌሎቹ ወደ ኋላ ፈቀቅ ያለ አንድ ተጨማሪ ቀዳዳ አለ። እሱ ሳይነካ የሚቀርባቸው ጫማዎች ብዙ ናቸው፤ የተሠራው ግን ለዚሁ ሥራ ነው። ክሩ በየወገኑ በዚያ ቀዳዳ ገብቶ ትንሽ ቀለበት ይሠራል፤ የግራው ክር በቀኙ ቀለበት፣ የቀኙም በግራው ቀለበት ሾልኮ ወደ ታች ሲሳብ ቁርጭምጭሚቱን ከተረከዙ ጋር ጠብቆ ይይዛል። አቀበት ላይ ይህ ላላ ሊል ይችላል፤ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ግን አንድ አፍታ ቆሞ ማጥበቅ የሁለት ሳምንት የጥፍር ሕመም ያስቀራል። በእግር ጀርባ ላይ ጉብ ያለ አጥንት ያለበት ሰው ክሩ በዚያ ቦታ ሳይጣመር ቀጥ ብሎ እንዲያልፍ ቢያደርግ አጥንቱ ነጻ ይሆናል፤ ከላይና ከታች ያለው ክር መያዙን አያጓድልም።

ውሃ የቋጠረ ቆዳም ከዚሁ እንቅስቃሴ የሚመጣ ነው። ካልሲውና ቆዳው ከጫማው ጋር ተጣብቀው ሲቀሩ አጥንቱ ከውስጥ ይንቀሳቀሳል፤ የቆዳው ንብርብሮች እርስ በርስ ይላቀቁና መሐላቸው ውሃ ይሞላል። እርጥበት ሲጨመርበት ይፈጥናል። ፕላስተር መለጠፍ ለዚያን ቀን ይረዳል፤ የሚንሸራተተው ተረከዝ ካልተያዘ ግን በማግስቱ ያው ነው።

የጫማ ሕመም በስፖርት ታሪካችን ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ አሸነፈ። ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ባዶ እግር ጫማን እንዳሸነፈ ተደርጎ ነው። በእርግጥ የሆነው ግን አሮጌ ጫማው አልቆ፣ አዲስ የተገኘው ጫማ ሳይስማማው ቀርቶ እግሩን ስለጎዳው በባዶ እግሩ ለመሮጥ መወሰኑ ነው። በባዶ እግሩ መሮጥን ለምዶ ስለነበር ውሳኔው አልጎዳውም። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ግን ጫማና ካልሲ አድርጎ ሮጠ፤ ሰዓቱም 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ ሆነ። ከሮሙ በሦስት ደቂቃ ፈጠነ። ለዚህ ፍጥነት ሌሎች ብዙ ምክንያቶች ይኖራሉ፤ ሁለቱ ውድድሮች ጎን ለጎን ሲታዩ ግን የማይስማማ ጫማ ከባዶ እግር እንደሚከፋ፣ የሚስማማ ጫማ ደግሞ ለታላቅ ሯጭም እንቅፋት እንደማይሆን ያሳያሉ።

ፕላስቲክና እሳት

የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ የዚህ ሁሉ ጽንፍ ነው። ኢትዮጵያ በክረምት ኦሎምፒክ የተወከለችው በአዲስ አበባ በተወለደው በሮቤል ተክለማርያም ነው። ሮቤል በየካቲት 1998 ዓ.ም. ቶሪኖ ላይ፣ በየካቲት 2002 ዓ.ም. ደግሞ ቫንኩቨር ላይ በ15 ኪሎ ሜትር የሜዳ ስኪ ተወዳድሯል። የሜዳ ስኪ ጫማ ከሩጫ ጫማ ብዙም አይርቅም፤ ከስኪው ጋር የሚያያዘው በአፍንጫው ብቻ ስለሆነ ተረከዝ በነጻነት ይነሣል። ቶሪኖ ላይ በሮጠበት በነባሩ ስልት ጫማው ለስላሳና አጭር ነው። ቫንኩቨር ላይ በሮጠበት በነጻው ስልት ደግሞ ተወዳዳሪው ወደ ጎን እየገፋ ስለሚሄድ ጫማው ቁርጭምጭሚትን የሚደግፍ ጠንካራ አንገት አለው። አንድ ስፖርተኛ በአንድ ዓይነት ስፖርት ውስጥ፣ አካሄዱ ስለተለየ ብቻ፣ ሁለት የተለያዩ ጫማዎች ያስፈልጉታል ማለት ነው።

ከተራራ ቁልቁል ለሚወርዱት ግን ጫማው ሌላ ነገር ነው። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሜሪካዊው ቦብ ላንጅ ያስተዋወቀው የፕላስቲክ ጫማ የቆዳውን ተክቷል። ውጭው እስከ ቅልጥም አጋማሽ የሚደርስ ጠንካራ የፕላስቲክ ቅርፊት ነው፤ ውስጡ የሚወጣና የሚገባ ለስላሳ ጫማ አለው፤ የሚያስሩትም ብዙ ጊዜ አራት የብረት ዘለበቶች ናቸው። ይህ ጫማ በእግር ልክ ካልሆነ ስቃዩ ከባድ ነው፤ ፕላስቲኩ እንደ ቆዳ በልምድ እየለሰለሰ አይሄድምና።

ልኩ የሚረጋገጠው ለስላሳው የውስጥ ጫማ ወጥቶ ባዶው ቅርፊት ብቻ ሲለበስ ነው። ጣቶቹ የፊቱን ግድግዳ ዳሰስ አድርገው ሲቆሙ ከተረከዙ በስተኋላ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ መኖር አለበት። ከዚያ ከበለጠ ጫማው ትልቅ ነው፤ ዘለበቱን ማጥበቅም አያድነውም። በግማሽ የሚለያዩ ቁጥሮች፣ ለምሳሌ 26 እና 26.5፣ አብዛኛውን ጊዜ ቅርፊታቸው አንድ ስለሆነ ግማሽ ቁጥር መጨመር የሚለውጠው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ገዢዎች የሚሳሳቱበት ቦታም የታወቀ ነው። ሱቅ ውስጥ ቀጥ ብለው ሲቆሙ ጣታቸው ግድግዳ ስለሚነካ «ትንሽ ነው» ብለው ይተዉታል። ጉልበታቸውን ወደ ፊት አጥፈው ቅልጥማቸውን በጫማው አንገት ላይ ቢያሳርፉ ግን ተረከዛቸው ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ጣታቸውም ከግድግዳው ይለቃል። የስኪ አቋቋም ደግሞ ይኸው የታጠፈው ነው። 41 በቂው ሆኖ ሳለ 43 የገዛው የእብናት መንገደኛና ይህ ሰው የሠሩት ስሕተት አንድ ነው።

ዘለበቶቹም የሚታሰሩት በማሰሪያ ክር ሕግ ነው። ተረከዝ መሬት ተመትቶ ጥጉን ከያዘ በኋላ መጀመሪያ በእግር ጀርባ ላይ ያለው ዘለበት ይጠብቃል፤ ከዚያ የአንገቱ፤ የጣቶቹ ዘለበት በመጨረሻ ላላ ብሎ ይያዛል። በጫማው ውስጥ ከአንድ ስስ ካልሲ በቀር ምንም መግባት የለበትም። ሁለት ካልሲ የደረበ ሰው እንዲሞቀው ብሎ ነው፤ ግን ደም የሚዘዋወርበትን ቦታ ስለሚያጣብበው እግሩ ይደነዝዛል፣ ይቀዘቅዛልም። በእግር ጀርባ ላይ የሚሰማ መደንዘዝ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በቆዳ ሥር ከሚያልፉት ነርቮች ላይ ዘለበቱ በመጫኑ ነውና አንድ ጥርስ ማላላት ይበቃዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አንድ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ በቁርጭምጭሚት አጥንት ወይም ከትንሿ ጣት ሥር ወደ ኋላ ባለው ጉብታ ላይ፣ ሕመም ከቀረ ቅርፊቱ ራሱ ይለወጣል። ባለሙያው ጉብታውን በቀለም ያቀልመውና እግሩን ባዶ ቅርፊት ውስጥ ያስገባዋል፤ ቀለሙ የነካበት ቦታ የሚጨንቀው ቦታ ነው። ያንን ቦታ በሞቃት አየር እያጋለ ካለሰለሰው በኋላ ከውስጥ በብረት ገፍቶ፣ እስኪቀዘቅዝ ሳይለቀው ያቆየዋል። ቶሎ ከለቀቀው ፕላስቲኩ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

በሀገራችን የገጠር ከተማ ገበያ ውስጥ የፕላስቲክ ጫማ የሚጠግን ሰው በሚሠራበት ቦታ የሚታየው ሙያ የዚህ ወንድም ነው። ፍም የያዘ ጣሳ፣ ጠፍጣፋ ብረት፣ የአሮጌ ጫማ ቁርጥራጭ። የተቀደደ ኮንጎ ጫማ ሲመጣለት የጋለውን ብረት በስንጥቁ ከንፈሮች መካከል ያስገባና ሁለቱም ሲቀልጡ ብረቱን መንጭቆ በጣቱ ያጣብቃቸዋል፤ ከዚያ ከላይ ቁራጭ ደርቦ ይበይደዋል። ኮንጎ ጫማ ጠንካራ፣ ርካሽና ጭቃ የማይፈራ ነው፤ ብዙ እግር ከእሾህና ከድንጋይ አድኗል። ማሰሪያ ስለሌለው ግን ተረከዝን የሚይዘው ነገር የለም፤ ላብ ሲያርሰውም ውስጡ ይሙለጨለጫል። ይህ ጠጋኝ በእጁ ያለውን ሙያ ከቀዳዳ መድፈን አልፎ ቢጠቀምበት ብዙ ይጠቅማል። ትንሿን ጣት የሚገዘግዘውን ጠርዝ አለስልሶ ወደ ውጭ መግፋት፣ ከቁርጭምጭሚቱ ጋር የሚፋተገውን ከንፈር በጋለ ብረት አዙሮ ማለዘብ ለእሱ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ወደ ውስጥ የወጣ የብየዳ ጉብታንም በምላጭ መላጥ አለበት፤ ያለ ካልሲ የሚጫማ እግር እያንዳንዷን ጉብታ ያውቃታል።

የጉልበት መስመር

ጫማ እግርን ብቻ አይደለም የሚገዛው፤ ጉልበትንም ይገዛል። የውስጥ እግር ቅስቱ ከልክ በላይ ዝቅ የሚልበት ሰው ቁርጭምጭሚቱ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ ቅልጥሙም ተከትሎ ወደ ውስጥ ይዞራል፤ የጉልበቱ ሎሚ ከእግሩ መሐል ወጥቶ ወደ አውራ ጣት ወገን ይሄዳል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ስሌቱ ሌላ ይላል። ከእግር በታች ያለ የአንድ ዲግሪ ማዘንበል 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ጉልበት ጋ ሲደርስ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሦስት ዲግሪ ከሆነ ከሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ያልፋል። በዚህ የተዛባ መስመር ላይ ሆኖ ሸክም ይዞ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ጉልበቱን ቢያመው ምክንያቱን ጉልበቱ ላይ ብቻ መፈለግ አይበቃም።

የበረዶ መንሸራተቻ ባለሙያዎች መስመሩን የሚያዩት ከጉልበት ሎሚ መሐል ቱምቢ ወደ ታች በመልቀቅ ነው፤ ክሩ ከጫማው መሐል ብዙ ከራቀ ማስተካከያ ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት። መጀመሪያ የሚገባው ቅስቱን የሚደግፍ የውስጥ ሶል ነው፤ መሠረቱ እሱ ነውና። ከዚያ የጫማው አንገት በጎኑ ባሉት ብሎኖች ወደ ቅልጥሙ ዘንበል ይደረጋል፤ ይህ ጫማው ከእግሩ አጥንት ቅርጽ ጋር እንዲሄድ ብቻ ነው። ሁለቱ አልበቃ ካሉ ከጫማው ሥር አንድ ወገኑ የወፈረ ሰሌዳ ይገባል፤ ብዙውን ጊዜም ከአንድ እስከ ሦስት ዲግሪ ይበቃል። ከመጨረሻው የጀመረ ሰው የውስጥ ሶሉን በኋላ ሲያስገባ መስመሩ እንደገና ይዛባበታል። በየደረጃው አንድ ነገር ብቻ ተለውጦ፣ ተሞክሮ፣ ከዚያ ወደ ሌላው መታለፍ አለበት፤ ሁለት ነገር አብሮ ሲለወጥ የትኛው እንደረዳ አይታወቅም።

በተራ ጫማ ላይ ቱምቢውን የሚተካው የሶሉ አበላል ነው። ያረጀ ጫማ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ከኋላ ሲታይ ብዙ ይናገራል። ተረከዙ በውጭ ወገን በመጠኑ መበላቱ የጤና ነው፤ ሰው ሲራመድ መጀመሪያ የሚያሳርፈው ያንን ጥግ ነውና። የውስጡ ወገን ተበልቶ ጫማው ወደ ውስጥ ከተጋደመ ግን ቅስቱ ድጋፍ ይፈልጋል። አንዱ ጫማ ብቻ ከተጋደመ ደግሞ የሁለቱ እግሮች አረጋገጥ የተለያየ ነው።

ከዚህ ጋር አብሮ መታየት ያለበት ልባሽ ጫማ ነው። ልባሽ ጫማ ጥራቱ ከአዲሱ ሊበልጥ ይችላል፤ ግን የቀድሞ ባለቤቱን አረጋገጥ ይዞ ይመጣል። ሶሉ በአንድ ወገን የተበላ፣ አንገቱ የተጋደመ ልባሽ የሌላ ሰው ጉልበት የቀረጸው ነውና አዲሱን ባለቤት በዚያ መስመር ያስኬደዋል። ከመግዛት በፊት ሁለቱንም ጫማዎች ደልዳላ ቦታ ላይ አስቀምጦ ከኋላ ማየት፣ እጅን ከትቶም የወጣ ሚስማርና የተጨማደደ የውስጥ ሶል መፈለግ ያስፈልጋል። የተበላ ተረከዝ ጎማ የሚያስመታ ሰው አንዱን ብቻ ማስመታት የለበትም፤ ጫማ ሰፊው ሁለቱንም እኩል ከፍታ ካላደረጋቸው አንዱ እግር የረዘመ ያህል ዳሌ ይዛነፋል።

ለልጅ ጫማ ሲገዛ «እንዲያድግበት» ተብሎ ሁለት ሦስት ቁጥር የሚጨመርበት ልማድ ከኑሮ የመጣ ስለሆነ መውቀስ አይገባም፤ ሊለዝብ ግን ይችላል። ከጣቱ ፊት ከአንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር በላይ ክፍት ያለው ጫማ ለብሶ ገደል የሚወርድ ልጅ ይወድቃል። ትልቅ መግዛት ግድ ከሆነ በእግር ጀርባ ላይ የሚታሰር ዓይነት ይመረጥ፤ ትርፉ ቦታም ከአፍንጫው በሚጎሰጎስ ጨርቅ ሳይሆን ከእግር በታች በሚነጠፍ ወፍራም የውስጥ ሶል ይሞላ። የውስጥ ሶል እግሩን ወደ ማሰሪያው ከፍ ስለሚያደርገው ተረከዙ ይያዛል፤ ልጁ ሲያድግ ሶሉ ይወጣል።

ገበያ ላይ ባለው ቁጥር ጭራሽ የማይስተናገዱ እግሮችም አሉ። በደጋው የእሳተ ገሞራ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት፣ በተለምዶ ዝሆኔ ከሚባሉት አንዱ፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከአፈሩ የሚገቡ ጥቃቅን ማዕድናት በቆዳ ዘልቀው የሊምፍ መስመሮችን ስለሚጎዱ ፈሳሹ እግር ላይ ይጠራቀማል። መከላከያው ጫማ ሆኖ ሳለ፣ አንዴ ያበጠ እግር ደግሞ የገበያ ጫማ አይገባውም። እንዲህ ላለ እግር የሚሠራ ጫማ የሚለካው በርዝመት ብቻ ሳይሆን በዙሪያ ነው፤ በጣቶቹ ሥር፣ በእግር ጀርባና ከቁርጭምጭሚት በላይ። እስከ ጣቶቹ ድረስ የሚከፈት፣ ውስጡ ስፌት የሌለው፣ እብጠቱ በመታጠብና በመጠቅለል ሲቀንስ እየጠበቀ የሚሄድ መሆን አለበት።

የስኳር ሕመምና የሥጋ ደዌ የነካቸው እግሮች ችግራቸው የተገላቢጦሽ ነው። ነርቫቸው ስለተጎዳ ጫማው ሲበላቸው አይሰማቸውም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ሕመም መሪ ሊሆን አይችልም። በአዲስ አበባ እንደ አለርት ባሉ ማዕከላት ለእንዲህ ያሉ ታካሚዎች ልዩ ጫማ ሲሠራ የኖረውም ለዚህ ነው። የውስጥ ሶሉ ጫናውን ወደ ሰፊ ቦታ የሚበትን ለስላሳ ጎማ ሲሆን፣ የውጩ ሶል እሾህ የማያልፈው ጠንካራ ነው፤ ወደ ውስጥ የሚወጣ ሚስማርም አይገባበትም። ባለቤቱ ጫማውን ከማጥለቁ በፊት በእጁ ውስጡን ይዳብሳል፤ ማታ ሲያወልቅም ውስጥ እግሩን በመስታወት ወይም በቤተሰብ ዓይን ያስመረምራል። ጫማው ከወለቀ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ያልጠፋ ቅላት ከታየ በማግስቱ ያ ጫማ አይደረግም፤ ቅላቱ ያለበት ቦታ እስኪስተካከል ድረስ ጫማ ሰፊው ዘንድ ይቆያል።